አርክቴክትስ በባጃጅ ስፒከር፦ የእኔ ምርጥ ዘፈኖች

ባለፈው ክረምት ከጅማ መርካቶ አንዲት እናት ጫንኩ። አንድ ዘንቢል አቮካዶ ይዘዋል። ዝናቡ የባጃጇን ሸራ ይደበድበዋል፤ እኔም ከዝናቡ ጋር እልህ ተጋብቼ ሙዚቃውን ከፍ አድርጌዋለሁ። ትንሽ ዝም ብለው ሰሙና በኦሮምኛ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማን ሞቶበት ነው?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋ። ለካ እውነትም ሞቶበታል።

ዘፈኑ «ዱምስዴይ» ይባላል፣ የፍርድ ቀን እንደማለት። የሚጫወቱት አርክቴክትስ የሚባሉ የእንግሊዝ አገር ልጆች ናቸው፤ ብራይተን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የጀመሩት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ።) ጊታር የሚመታውና አብዛኛውን ነገር የሚጽፈው ቶም ሰርል ነበር። ድራም ላይ ያለው ዳን ደግሞ መንትያ ወንድሙ ነው። ቶም በቆዳ ካንሰር ታሞ በ2016 አረፈ፣ ገና በ28 ዓመቱ። «ዱምስዴይን» ጀምሮት ነበር። የቀሩት ጨርሰው በ2017 አወጡት። እንግዲህ የሚጮኸው ሳም ካርተር ለጓደኛው ነው የሚጮኸው፤ ከኋላው ድራሙን የሚቀጠቅጠው ደግሞ መንትያውን የቀበረ ሰው ነው። እኚያ እናት እንግሊዝኛ አይሰሙም። ለቅሶ ግን ያውቃሉ።

ስለዚህ አንደኛው «ዱምስዴይ» ነው። በሌላው ተከራከሩኝ፣ በዚህኛው አልደራደርም። አዝማቹ ጋ ሲደርስ ልብ በሉ፤ ሰውዬው ጩኸቱን ሳይተው ዜማ ያወጣበታል። ጉሮሮው ሊበጠስ የደረሰ ይመስላል፣ ዜማው ግን ፍንክች አይልም። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አሁንም እዚያች ቦታ ላይ መሪውን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።

ለማታውቁት፣ የሙዚቃው ዓይነት ፕሮግሬሲቭ ሜታልኮር ይባላል። ሜታልና ሃርድኮር ፓንክ የሚባሉ ሁለት ኃይለኛ የጊታር ሙዚቃዎች ተጋብተው የወለዱት ነው። ብሬክዳውን የሚሉት ነገር አለው፤ ሲሮጥ የነበረው ሁሉ ድንገት ይረጋና ጊታርና ድራም አንድ ላይ እንደ መዶሻ ይወርዳሉ። ፕሮግሬሲቭ የሚያሰኘው አንዱ ነገር ደግሞ ምቱ ነው። አንድ ሁለት ሦስት አራት ብለህ በእግርህ ስትቆጥር ያመልጥሃል። ኮብልስቶን ላይ ጉድጓድ እየሸሸህ እንደመንዳት ነው፤ መንገዱን ስትለምደው ነው ደስ የሚልህ። እኔም ለመልመድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን «ይሄን ከፍሎ የሚሰማ አለ?» ብያለሁ።

ሁለተኛ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»። 2016 ላይ ቶም ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት በወጣው አልበም ውስጥ ነው ያለው። ግጥሙ የራሱ የቶም ነው፤ ስለ በሽታው ነው የጻፈው። ያኔ መታመሙን አድማጩ አያውቅም ነበር። ተስፋን እስር ቤት የሚል ስንኝ አለበት። ይህን ካወቅኩ በኋላ ተሳፋሪ ጭኜ አልከፍተውም። ሰው ገበያ እየሄደ ይሄን ምን በወጣው? ማታ ተራ ስጠብቅ፣ ብቻዬን።

ሦስተኛ የዚያው አልበም መዝጊያ «ሜሜንቶ ሞሪ»። ወደ 8 ደቂቃ ይሄዳል። ሰው ጭኜ፣ አውርጄ፣ መልስ ሰጥቼ ዘፈኑ አላለቀም። ውስጡ የፈላስፋው የአለን ዋትስ ንግግር አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራህ፤ ችኩል ከሆንክ ተወው።

አራተኛ «ግሬቭዲገር»፣ መቃብር ቆፋሪ። የ2014ቱን አልበም የሚከፍተው እሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። አዲስ ስፒከር ገዝቼ በገባ በሦስተኛው ቀን በዚህ ዘፈን ላይ ተቀደደ። የጊታሩ ክር በጣም ላልቶ ስለሚቃኝ ወፍራሙ ድምፅ ርካሽ ስፒከር አይችለውም፣ ዝዝዝ ይላል። ሱቁ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ «እስቲ ምን እንደከፈትክበት አሰማኝ» አለ። አሰማሁት። «ወንድሜ፣ ይሄማ እኔ ላይ አይላከክም» ብሎ መለሰልኝ። ገንዘቤን አላገኘሁም፣ ዘፈኑን ግን ከደረጃው አላወረድኩትም። ስፒከር የቀደደ ዘፈን ሊከበር ይገባዋል።

አምስተኛ «ኧርሊ ግሬቭ»፣ ከ2009ኙ አልበም ከ«ሆሎው ክራውን»። ገና ልጆች ሳሉ ነው፣ የሚያውቁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያሳዩህ ይጣደፋሉ። ምት መቁጠር የሚወድ ይወደዋል። ስድስተኛ «ናይሂሊስት»፣ ጠዋት እንቅልፍ ለመግፈፍ ከቡና ይሻላል። የቡና አገር ሰው ሆኜ ይሄን ማለቴ ይቅር ይበለኝ።

አሁን የምሰደብበት ቦታ ደረስን። «አኒማልስ» ሰባተኛ ነው። ብዙ ሰው ባንዱን የሚያውቀው በዚህ ዘፈን ነው። የወጣበት የ2021ዱ አልበም እንግሊዝ አገር አንደኛ ሆኗል፤ ለእነሱ የመጀመሪያቸው ነው። መጥፎ ነው አላልኩም። እንዲያውም ሰው ጭኜ ያለ ኩርፊያ የምከፍተው ይሄን ብቻ ነው፤ ጋራዥ የሚሠራው ጓደኛዬ እንኳ «ጨምረው፣ ጨምረው» ብሎኛል። ጊታሩ ቀላል ነው፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ አንገትህ ሳታዘው ይነቀነቃል። ግን በሦስተኛው ቀን ጨርሰኸዋል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምነዳ ሰው ነኝ፤ ቶሎ የሚያልቅ ዘፈን አያዋጣኝም።

ስምንተኛ «ሂርአፍተር»፣ ከ2018ቱ «ሆሊ ሄል»። ከሐዘኑ በኋላ የሠሩት አልበም ነው፤ ሙሉውን በአንድ ቁጭታ ስሙት እንጂ እየቆራረጣችሁ አትፍረዱበት። ከዚያ በታች ደረጃ አልሰጠሁም። ያለፈው ይበቃል፤ ከቶም በኋላ ያለውን ሁሉ ከቶም ጋር እያመዛዘንኩ ስለምሰማ ፍርዴ ይጣመማል። እነሱስ ምን ያድርጉ?

አንድ ምክር፦ በባጃጅ ስፒከር አትጀምሩ። እኔ ሌላ ስለሌለኝ ነው። ጥሩ ኢርፎን ካላችሁ፣ ዝናብ ሲዘንብ ቤት ተቀምጣችሁ። መብራት ቢጠፋም የስልክ ባትሪ ይበቃችኋል።

ባንዱን ያስለመደኝ የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይህን ስማው» ብሎ ፍላሹን ሰካልኝ፣ ሲወርድ ረሳው። በኋላ ባገኘው «ይቆይ፣ ጨርሰህ ስማ» አለኝ። ከዚያ ተመርቆ ሄደ። አንተ ልጅ፣ ይሄን ካነበብክ ፍላሽህ እኔ ጋ ናት። ክዳኗ ጠፍቷል፣ ዘፈኖቹ ግን አሉ። አጂፕ ተራ ላይ ጠይቅ፣ «ያ የሚጮኸው ባጃጅ» ብትል ያሳዩሃል።