ዳርት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ጫፉን እዩ

"መሀል ከተማ የኔን ዳርት የሚቀበል ቤት የት ነው?" ይህን ጥያቄ ከጓደኞቼ ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። መልሴም ጥያቄ ነው፦ የምትወረውራት ትንሽ ቀስት ጫፏ ብረት ነው ፕላስቲክ? ጠመንጃ ያለው ሰው ዒላማ ተኩስ ሜዳ ከመሄዱ በፊት "የኔን ጥይት ትቀበላላችሁ?" ብሎ እንደሚጠይቀው ማለት ነው። የብረት ጫፍ የሚወረወረው የቃጫ ቦርድ ላይ ነው። የፕላስቲክ ጫፍ ደግሞ መብራት ተሰክቶ ነጥብ ራሱ በሚቆጥረው ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ላይ። ካቀላቀላችኋቸው ወይ ጫፉ ይሰበራል ወይ ቦርዱ።

ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ይገዛል፣ ከዚያ የሚጫወትበት ቤት ፍለጋ ይዞራል። ፒያሳና ካዛንቺስ ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ ፍለጋው ራሱ ረጅም ሆኗል። ቦርድ የነበራቸው አንዳንድ ግሮሰሪዎች ዛሬ ቦታቸው መንገድ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። "ዳርት አላችሁ?" ብቻ ብላችሁ አትዝጉት፤ አለን ይሏችኋል። "ቦርዱ ገመድ አለው? መብራት ይሰካበታል?" በሏቸው። ይሰካበታል ካሉ የብረት ጫፋችሁን ቤት ተዉት። ቃጫ ያላቸውም ቢሆኑ የሰው ዳርት ዝም ብለው አይቀበሉም። አንድ የማውቀው ባለቤት ጫፉን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ይዳስሳል። ትንሽ ጭረት ካገኘ "በቤቱ ተጫወት" ብሎ የራሱን ያቀብልሃል። ልክ ነው፤ የተጫረ ጫፍ ሲነቀል ቃጫውን ይዞ ይወጣል። በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሸት አሸት ማድረግ ይበቃዋል። መርፌ እስኪመስል ግን አትሳሉት፤ ያም ቃጫውን ይቆርጣል።

ወደ ዋጋው ልግባ። ሳልደብቅ፣ እኔ የቃጫ ሰው ነኝ።

"ቃጫው እኮ ውድ ነው" ትሉኛላችሁ። ነው። ባለፈው ስጠይቅ ስታዲየም ዙሪያ አንዱ 14,500 ብር ጠርቶ 11,000 ላይ ወረደ። ሌላው 12,000 ብሎ ንቅንቅ አላለም። ኤሌክትሮኒኩ ከ6,000 እስከ 8,000 ነው፣ ስድስት ዳርት ተመርቆበት። መርካቶ ደግሞ "ቃጫ ነው" እየተባለ በ2,800 የሚሸጥ አለ። የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያው ከተለቀቀ ወዲህ የጠዋት ዋጋ ከሰዓት ላይደገም ስለሚችል፣ ቁጥሮቹን ለመከራከሪያ ያዟቸው እንጂ አትማሉባቸው።

የ2,800ውን የአክስቴ ልጅ ገዛው። ፊቱ ላይ ለስለስ ያለ ጸጉር አለው፣ ቀለሙ ያምራል፣ በእንግሊዝኛ የውድድር ነው ተብሎ ተጽፎበታል። ውስጡ ግን ጥቅልል ወረቀት ነው። ትንሽ ቆይቶ ሃያ ቁጥር ላይ ጉድጓድ ተፈጠረ፤ ሁሉም ሰው ሃያን ነው የሚያነጣጥረው። ከዚያ የተወረወረው ሁሉ ትንሽ ተንጠልጥሎ መሬት ይወድቃል። ይዘንለት ሄድን። ሻጩ ደረሰኙን ገልብጦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን አሳየን። አብሮ የሰጠን ምክር ደግሞ "ውሃ ርጩበት፣ ይገጥማል" የሚል ነበር። ውሃ የሚነከረው የድሮው የእንጨት ቦርድ ነበር። ወረቀት ላይ ውሃ ረጭታችሁ የሚሆነውን አስቡት። ቃጫም ቢሆን ውሃ አይወድም፤ ያብጣል። ክረምት ላይ እርጥበት የሚይዝ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት።

ልዩነቱ ይኸው ነው። ወረቀት አንዴ ከተበሳ ተበሳ። እውነተኛው ቦርድ ላይ ግን የቃጫው ክሮች ጫፋቸውን ወደ እናንተ አድርገው ተጠቅጥቀው የቆሙ ናቸው። ዳርቱ በመሀላቸው ይገባል፣ ሲነቀል መልሰው ይገጥማሉ። ኬንያና ታንዛኒያ በሰፊው የሚያመርቱት፣ እኛም ለገመድ የምናውቀው ያው ቃጫ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሦስት ነገር አድርጉ። አንሱት፤ ዋናው አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ይቀላል። በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ቃጫ ትንሽ ገብቶ ይመለሳል፣ ወረቀት ምልክት ይዞ ይቀራል ወይም ጭራሽ አይገባም። ሻጩ "አይነካም" ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ከዚያ ሽቦውን እዩ። ቦርዱ ላይ በስቴፕል የተመታ ድቡልቡል ሽቦ ከሆነ፣ መሀሉን ልትመቱ ስትሉ ስቴፕሉ እየመለሰ እግራችሁ ሥር ይጥልላችኋል። ቀጭን፣ ስለታም ሽቦ ያለው ይሻላል፤ ለሱ ሺህ ብር ብትጨምሩ አይቆጭም። የቁጥሩ ቀለበት የሚወልቅ መሆኑንም አረጋግጡ። ሃያ ሲሳሳ ቀለበቱን አውልቃችሁ ቦርዱን ታዞሩታላችሁ፣ ያልተነካ ቦታ ሃያ ይሆናል። 11,000 ብሩ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ስታዞሩት ሃያ ቁጥር መልሶ ጥቁር ቁራጭ ላይ መዋሉን ብቻ አትርሱ።

ኤሌክትሮኒኩን ሙሉ በሙሉ አልጠላውም። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት እኔም እሱን ነው የምለው፤ የብረት ጫፍና ሕፃን አንድ ሳሎን አይሆኑም። ሂሳብ ለሚሰለቸውም ይመቻል። ችግሩ ሲበላሽ ነው። የፕላስቲኩ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። በምስማር ወደ ውስጥ ስትገፉት ቁጥሩ ተጭኖ ይቀርና ማንም ሳይወረውር ነጥብ መቁጠር ይጀምራል። ከፍቶ የሚያጸዳ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አይጠፋም፣ አንዱ 800 ብር ተቀብሎኛል። ከሥር ያለው ስሱ ላስቲክ ከተቀደደ ግን መለዋወጫ የለውም፣ ቦርዱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ድምፁን አስቡት። ፕላስቲክ በፕላስቲክ ሲመታ ከላይ ያሉት ጎረቤቶችም ነጥባችሁን ያውቃሉ።

የፕላስቲክ መለዋወጫ ጫፍም ሌላ ጣጣ ነው። ዳርቱ ላይ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ሁለት ዓይነት ነው። የተለመደው ቀጭኑ 2ቢኤ የሚባለው ነው፤ ብዙ ርካሽ ቦርዶች ግን ወፍራሙን፣ ሩብ ኢንቹን ይዘው ይመጣሉ። አንዱ በሌላው አይገባም። ጫፍ ስትገዙ አንድ ዳርት ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው አሽከርክራችሁ ሞክሩት።

ስለ ዳርቱ ራሱ ብዙ አልልም። ለጀማሪ ከ22 እስከ 24 ግራም የሆነ ነሐስ ይበቃል፤ 1,200 ብር አካባቢ ታገኙታላችሁ። "ተንግስተን ነው" ተብሎ 5,000 ሲጠራባችሁ ውፍረቱን እዩ። ተንግስተን ከነሐስ በእጥፍ በላይ ስለሚከብድ በተመሳሳይ ግራም በግልጽ ቀጭን መሆን አለበት። ከነሐሱ ጎን አስተኙት። እኩል ከወፈረ ነሐስ ቀብተው ነው የሸጡላችሁ።

ስትሰቅሉ የመሀሉ ነጥብ ከወለሉ 1.73 ሜትር ይሁን። የብረት ጫፍ ከቦርዱ ፊት 2.37 ሜትር ርቃችሁ፣ የፕላስቲኩ 2.44 ሜትር ርቃችሁ ነው የሚወረወረው። የብሎኬት ግድግዳ ላይ ፊሸር ሳታስገቡ ምስማር ብቻ አትምቱ፣ አምስት ኪሎ ነው። ከሳተ ዳርት ግድግዳውን ለማትረፍ በቦርዱ ዙሪያ የሚደረገው የስፖንጅ ቀለበት 4,000 ብር ተጠርቶብኛል። አልገዛሁትም። የቦርዱ ስፋት 45.1 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የባለ 18 ኢንች ጎማ መሀል ደግሞ ወደ 45.7። በስፖንጁ ፋንታ ያለቀለት ጎማ ከጎሚስታ በ300 ብር ወሰድኩ፣ በሳሙና አጠብኩት፣ ቦርዱ ልክክ ብሎ ገባ። ከባድ ስለሆነ ለብቻው በሁለት ወፍራም ብሎን እሰሩት።