ባለ 125 ሚሊሜትር ሳንደር ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ አሮጌ ስቱኮን ከፕላስቲክ ፓራውልት ለማንሳት

ሳንደሩ ብርጭቆ ወረቀት እያሽከረከረ የሚፍቅ የእጅ ማሽን ነው፦ 300 ዋት፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ6,000 እስከ 12,000 ዙር የሚስተካከል፣ ዲስኩ በቬልክሮ ወረቀት የሚይዝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከጥቅምት እስከ ሰኔ የሠራው ፓራውልት ላይ ነው። ስቱኮውን፣ ማለትም ከቀለም በፊት ጉድለት የተሞላበትን ልጥፍ፣ ይበላል፤ ካልተጠነቀቁለት ግን ፕላስቲኩንም ይበላል።

በዚህ መስመር መኪኖች ፓራውልት ላይ የሚገኘው ስቱኮ ብዙውን ጊዜ ለቆርቆሮ የተሠራው ደረቁ ፖሊስተር ነው። ፕላስቲኩ ሲተጣጠፍ እሱ አይከተልም። መኪናው ከደጀን ብርድ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ደግሞ ፕላስቲኩ በሙቀት ከስቱኮው ይበልጥ ይለጠጣል። መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል፣ ከዚያ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ ይላጣል። በላዩ ላይ ሌላ ስቱኮ መለጠፍ ገንዘብ መጣል ነው፤ ፕላስቲኩ እስኪታይ መነሳት አለበት።

ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ፓራውልቱ ይፈታና ከጀርባው የታተመው ምልክት ይነበባል። ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ) ወይም የፒፒ ቅልቅል ከሆነ ስቱኮው መጀመሪያውኑ በደንብ አልያዘም፤ ከጀርባ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ጫፉ ይነሳል፣ የተነሳውን በፕላስቲክ ስፓቱላ ማላቀቅ ነው። የብረት መሮ ይቆፍራል። ቲነር የደረቀ ፖሊስተርን አያሟሟም፤ የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካልም ኤቢኤስ የሚባለውን የፕላስቲክ ዓይነት ያበላሻል።

የቀረው የሳንደሩ ሥራ ነው። 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ዝቅተኛው ፍጥነት፣ ዲስኩ ሙሉ ለሙሉ ተኝቶ፣ የማሽኑ የራሱ ክብደት ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ መቆም የለም። በየመሀሉ በእጅ ጀርባ ይነካል፤ ሙቀቱ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ይታረፍ። በስቱኮው ሥር የፕላስቲኩ ጥቁረት እንደ ጥላ መታየት ሲጀምር ማሽኑ ይጠፋል። የመጨረሻው ስስ ሽፋን በታኮ (በእጅ በሚያዝ ጠፍጣፋ መደገፊያ) ላይ በተጠቀለለ 180 ቁጥር ወረቀት በእጅ ይነሳል። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ችግሩም የሚመጣው እዚሁ ላይ ነው፦ ፒፒ ሲሞቅ አይፋቅም፣ ይቀልጥና ጸጉር ያወጣል። ያ ጸጉር ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው መያዣ) ሲነካው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከቀለም በኋላ አቧራ የገባበት ይመስላል። ከወጣ በ320 ቁጥር በውሃ፣ በእጅ ይስተካከላል። ውሃው ግን ስቱኮ ጨርሶ ካለቀበት ቦታ ውጭ አይንካ፤ ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፣ ኋላ ቀለሙን ያሳብጣል። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ሲደርቅ የፕላስቲክ ፕራይመርና የሚተጣጠፈው የፕላስቲክ ስቱኮ ይከተላሉ።

ከማሽኑ ቀድሞ ያለቀው የዲስኩ ቬልክሮ ነው። ጠርዝ ለመያዝ ሲያጋድሉት እሾሁ በሙቀት ይቀልጥና ወረቀቱ ተፈናጥሮ ይወጣል። ማብሪያውም የስቱኮ ዱቄት ገብቶበት ይጣበቃል፤ በኮምፕሬሰር ሲነፋ ይለቃል። የአቧራ ከረጢቱ ግማሽ ሲሞላ መሳብ ያቆማል፣ የወረቀቱ ቀዳዳ ከዲስኩ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ከነጭራሹ አይስብም። ከረጢቱ ኖረም አልኖረ ማጣሪያ ያለው ማስክ ግድ ነው፤ ነጠላ መጠምጠም ይህን ዱቄት አያግድም። የሞተሩ ካርቦን (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው፣ እየተፋቀ የሚያልቀው ክፍል) እስካሁን ደህና ነው። ማታ መብራት ሲደክም ጉልበት ያጣል፤ ያኔ ተጭኖ ከማሠራት ማቆም ይሻላል።

ለአንድ ፓራውልት ብሎ የሚገዛ ሰው ታኮና 80 ቁጥር ወረቀት ይበቃዋል። ለጋራዥ የሚገዛ ግን ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት መለዋወጫ ዲስኩ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቅ፤ የብሎኑ ቀዳዳ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም።