ስድስት ኪሎ ግቢ፦ ሙዚየሙ ወይስ ደረጃው?

አንድ ሰዓት ብቻ ኖሯችሁ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ብትገቡ፣ ሁለት ነገር ይሳባችኋል። አንዱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ያለበት። ሌላው ፊት ለፊቱ የቆመው ጠምዛዛ ደረጃ።

ሙዚየሙ ብዙ ያሳያል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር አለ። መስቀሎች፣ የጥንት ሥዕሎች፣ በገናና መሰንቆም አሉ። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ባለሥልጣናት የተገደሉት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ግን ቲኬት መቁረጥ አለ፣ ጊዜም ይበላል።

ደረጃው በነፃ ነው። ተማሪ ሁሉ በአጠገቡ ያልፋል፣ ብዙው ቀና ብሎ አያየውም። ይሄ ያሳዝነኛል። ጣሊያኖች የሠሩት በሀገራቸው በጣሊያን የነበረውን የፋሺስት ሥልጣን ዘመን በደረጃ ቆጥረው ነው፤ ለአንድ ዓመት አንድ እርከን። መድረሻ የለውም፣ ወደ ሰማይ ብቻ ይወጣል። ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። አፍርሰው ቢጥሉት ኖሮ ይሄን ማን ያስታውስ ነበር? በዚሁ ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦንብ ወረወሩ። የተከተለውን ጭፍጨፋ የሚያስበው ሐውልት ከበሩ ውጭ አደባባዩ ላይ ቆሟል።

ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ሙዚየሙን ምረጡ። ለብቻችሁ ከሆናችሁ ግን እኔ ደረጃውን እላለሁ። አንበሳውን ቆም ብላችሁ እዩት፣ ከዚያ ወደ አደባባዩ ውጡ።