ባለ ክፍልፋዩ የልጆች ምሳ ዕቃ፦ ሽሮው ይፈሳል፣ ልጅቷ ግን ትበላለች

ቴሌግራም ላይ የልጆች ዕቃ የሚሸጡ ቻናሎችን የምትከታተሉ ከሆነ ይቺን ምሳ ዕቃ ሳታዩዋት አትቀሩም። ጠፍጣፋ ናት። ውስጧ አምስት ቦታ የተከፋፈለ፣ ክዳኗ ግራና ቀኝ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ። ሻጮቹ ፎቶው ላይ ፓስታ፣ እንጆሪና በኮከብ ቅርጽ የተቆረጠ አይብ ደርድረውባታል። እኛ ቤት የገባችው ግን ለእንጀራ ነው፣ ስለዚህ የምነግራችሁም የእንጀራ ቤት አስተያየት ነው።

ዋጋዋ ከተራው ምሳ ዕቃ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። መርካቶ ከወረዳችሁ ትቀንሳለች፣ በዴሊቨሪ ካላችሁ ትጨምራለች።

መጀመሪያ የሚያናድደውን ልናገር። "አያፈስም" የሚሉት ነገር ለደረቅ ምግብ እውነት ነው። ቀጠን ላለ ሽሮ ግን ውሸት ነው። ቦርሳው ሲጋደም ሽሮው ግድግዳውን ተሻግሮ ብርቱካኑ ላይ ይገባል፤ የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ቦርሳዋን አስተካክላ አታስቀምጥም፣ ትወረውራለች። ሽሮ የነካው ብርቱካን የሚበላ ልጅ እስካሁን አላየሁም። ወጡን ማወፈር ወይም ፈትፍቶ መክተት ነው ያለው አማራጭ። ቂንጬ፣ ጨጨብሳ፣ ድንች በካሮት ምንም ችግር የለባቸውም።

ሌላው፣ ሙቀት አትይዝም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል፣ የኛ ልጆች ምሳ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ተቋጥሮ 6 ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ስጋ፣ እንቁላልና ወተት ነክ ነገር እዚህች ዕቃ ውስጥ አልከትም። እንቁላሉ ቁርስ ላይ እዚሁ ቤት ያልቃል። ስጋ የግድ ነው የምትሉ ፔርሙስ የሆነውን ምሳ ዕቃ ግዙ፣ እሱም ቀድሞ በፍል ውሃ ካልሞቀ ዋጋ የለውም። ፕላስቲክም ስለሆነች የሚያቃጥል ምግብ አይገለበጥባትም፣ በረድ ሲል ነው።

ይሄን ሁሉ ብዬም ግን መልሼ የምገዛት ዕቃ ናት። ምክንያቱ ጉርሻ ነው።

የኛ አገር ልጅ ብዙ ጊዜ ኬጂ እስኪገባ ድረስ እየተጎረሰ ነው የሚያድገው። ሞግዚቷ ሳህን ይዛ ከሶፋ ሶፋ ትከተለዋለች፣ ቲቪው ይከፈትለታል፣ በካርቱኑ ተመስጦ አፉን ሲከፍት አንድ ጉርሻ ይገባል። ምን እንደበላ አያውቅም፣ መቼ እንደጠገበም አያውቅም። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄዶ ጢም ያለ ፍርፍር ብቻውን ሲቀርብለት ፈዞ ያየዋል። ሚስ ደግሞ ክፍሉን ሙሉ ልታጎርስ አትችልም። ምሳ ዕቃው እንደሄደ ይመለሳል፣ ማታ እናት ትደነግጣለች፣ ነገ ረሃብ እንዳይሆንበት ብላ ብስኩትና ጁስ ትጨምርለታለች።

እዚህች ዕቃ ላይ ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ነው። እንጀራውን ወፈር ያለ ምስር ቀብቼ እጠቀልለውና የልጅ ጣት በሚያክል እቆርጠዋለሁ። ረጅሟ ክፍል ውስጥ አራት ወይም አምስት ጥቅል ይገባል። ከጎኑ የተቀቀለ ካሮት፣ ቀጥሎ ሙዝ፣ ሌላው ላይ ድንች፣ ትንሿ ክብ ቦታ ላይ ብርቱካን። ሻጮቹ ያቺን ክብ ቦታ "ለቸኮሌት" ይሏታል፣ እናንተ አትስሟቸው። ብርቱካን ከምስርና ከጤፍ ጋር ሲበላ ቫይታሚን ሲው ሰውነት ብረቱን እንዲወስድ ያግዘዋል። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ ስለዚህ ከምሳ ጋር ሻይ በኮዳ የምትልኩ ሰዎች ውሃ ላኩ። ጁስም ቢሆን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ180 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይላል፤ ያውም መቶ በመቶ ጁስ የሆነውን ማለታቸው ነው።

ልጄ ስትከፍታት አይታ ትመርጣለች። ካሮቷን ታነሳለች፣ ሙዙን ትገምጣለች፣ ከዚያ ወደ እንጀራው ትመለሳለች። ምን እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ፣ ምን ያህል እንደሚበላ የምትወስነው እሷ ናት። ጎመን ለምሳሌ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ተመልሷል። አንድ ማንኪያ ብቻ ስለምከት አላናደደኝም፣ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ ከ10 ጊዜ በላይ ማየት ሊያስፈልገው እንደሚችል አውቃለሁ። አንድ ቀን ግማሹ ጠፍቶ መጣ። ለጓደኛሽ ሰጠሽው ወይ ብላት፣ "እኔ ነኝ የበላሁት፣ ትንሽ ስለሆነ" አለችኝ።

አያቷ ግን እስካሁን አልተዋጠላቸውም። "ይሄ የቡና ቁርስ ነው እንጂ ምሳ ነው?" ይላሉ። እሳቸው ቤት ባሉ ቀን ክዳኑ አይገጥምም።

ቆሎና ኦቾሎኒ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትክተቱ፣ ሊያንቀው ይችላል። የወይን ፍሬም ከሆነ በቁመቱ ተሰንጥቆ ነው። ክፍሎቹ ለቆሎ የተሠሩ ይመስላሉ፣ ያታልላሉ።

ጨዋታውን ደግሞ ስገዛት አላሰብኩትም ነበር። ብዙ ኬጂዎች ላይ "ሳትጨርሺ አትወጪም" የሚል ሕግ አለ። ትልቅ ምሳ ዕቃ የያዘ ልጅ ደወል እስኪደወል ከፍርፍሩ ጋር ይፋጠጣል፣ ሌሎቹ ግቢ ውስጥ አባሮሽ ይጫወታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 60ው ቁና ቁና የሚያስተነፍስ መሆን አለበት ይላል። አሁን የአዲስ አበባን ልጅ አስቡት። ኬጂው የተከራየ ቪላ ነው፣ ከዚያ ሰርቪስ ውስጥ ትራፊክ፣ ከዚያ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ከዚያ ካርቱን። የምሳ እረፍቷ ከተወሰደባት ያንን ደቂቃ ከየት ታመጣዋለች? ልጄ አሁን ቶሎ በልታ ትወጣለች። ሰኞ ማክሰኞ ተምራ መጥታ የበረንዳውን ሴራሚክ በጠመኔ ሞልታዋለች፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ስለ ዝላዩ አንድ ሁለቴ አንኳኩተዋል።

ለማን አትሆንም? ከ7 እና ከ8 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ታንሳለች፣ ይርበዋል። አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ያላችሁ ደግሞ ቁርስና ምሳ እዚያው ስለሚመገብ ብራችሁን ያዙ። ሞቅ ካላለ አልበላም ለሚል ልጅም አትሞክሯት።

ስትገዙ የውስጠኛው ትሪ ብቻውን የሚወጣውን ምረጡ፣ የማይወጣው ጥግ ጥጉን አይታጠብም። ክዳኑ ላይ ያለውን ጎማ ጎትታችሁ አውጡና ማታ ማታ እጠቡት፣ በደንብ ሳይደርቅ አትመልሱት፤ በርበሬ ከገባበት በኋላ ሽታው በምንም ሳሙና አይለቅም። መለዋወጫ ጎማ የሚሸጥ ሻጭ እስካሁን አላገኘሁም፣ ያገኘ ይንገረኝ።