እንጀራው ቢጫ የሆነ ዕለት፦ የድንገተኛ ክፍል ግምገማዬ

እማዬ ለልቧ ዲጎክሲን ትወስዳለች። ዓመታት ሆኗታል፤ በቀን ግማሽ ኪኒን። ባለፈው ወር ለጨጓራ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን ያለበት መድኃኒት ታዘዘላት። ሌላ የምትወስጂው አለ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም።

በአምስተኛው ቀን ምግብ እምቢ አለች። ያስመልሳታል። «ጨጓራዬ ነው» አለች፣ እኛም አመንን። «ይሄ እንጀራ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ቢጫ የሆነው?» ስትል ግን ተያየን። እንጀራው የጥቁር ጤፍ ነው።

በጎረቤት መኪና ይዘናት በረርን። ትሪያጅ (የታካሚ መለያው) ላይ ለነበረችው ሲስተር ብቻ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ። የልብ ምቷን ቆጠረች፦ 38። ካርድ አውጡ አላለችም፣ ቀጥታ ቀይ ዞን አስገባቻት። ከዚያ «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ አምጡ» አለችን። ወንድሜ በፌስታል ይዞ መጣ። ሐኪሙ ሁለቱን ካርቶን ጎን ለጎን አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ። ክላሪትሮማይሲኑ ዲጎክሲን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል አለን። እንግዲህ ያቺው ግማሽ ኪኒን እየተጠራቀመች መርዝ ሆነች ማለት ነው፤ እንጀራውን ቢጫ ያደረገባትም ይኸው ነው።

ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ወዲያው ተነሳች። ለፖታሲየምና ለኩላሊት ደም ተቀዳ፣ የልብ ምት የሚያፈጥነውን አትሮፒን ተወጋች፣ ሁለቱም መድኃኒት ቆመ። «ማርከሻ የለውም?» አልኩት። አለው። ከበግ ደም የሚዘጋጅ፣ ዲጎክሲኑን ይዞ የሚያስር መርፌ ነው። እነሱ ጋ ግን የለም። ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ፤ ስሙን የሚያውቅ እንኳ አላገኘሁም። ሐኪሙ አልሸነገለኝም፦ «ምቷ በአትሮፒኑ ከጸና እንጠብቃለን፤ ካልሆነ ሪፈር ነው» አለኝ። ደህና ኩላሊት የዲጎክሲኑን ግማሽ ለማስወጣት እንኳ አንድ ቀን ተኩል ወይም ሁለት ቀን ይፈጅበታል። የእማዬ ደግሞ ደከም ያለ ነው።

ቅሬታዬ ሁለተኛው ሌሊት ላይ ነው። የሞኒተሩን ድምፅ ዘግተውት አገኘሁ። «ሌሎቹ መተኛት አቃታቸው» አሉኝ። ታዲያ ምቷ ቢጠፋ ማን ይሰማል? ወንበር ስቤ ቁጥሩን እያየሁ አነጋሁ። ጓንትና ካኑላ ከውጭ መግዛቱን ለምደነዋል፣ ይሄን ግን አልለምደውም። የሽንት ቤቱን ነገር ባላነሳው ይሻላል።

በሦስተኛው ቀን ምቷ 64 ገባ። ሲስተሯ መጥታ «እማማ፣ ግድግዳው ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አለቻት።

እማዬ ቀና ብላ አየችው። «ነጭ ነበር። አሁንማ ቆሽሿል።»