ለጠባሴው ብስክሌት ጠጋኝ ምስጋና፣ ክራንክ ለሚያስቸግራችሁም ጥቆማ

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ ብስክሌት ነጂዎች፣ ይህን አንብቡልን። ጠባሴ በኩል ላስቲክ ወጥረው የሚሠሩትን አዛውንት ጠጋኝ ሳናመሰግን ብናልፍ ነውር ነው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እጅዎን ቁርጥማት አይንካው።

የፈቱልን ሌላ ቦታ ሦስት ጊዜ ታይቶ «አይወጣም» የተባለ የግራ ክራንክ፣ ማለትም ፔዳሉን የሚሸከመው ክንድ ነው። አንዱ ከኋላ በመዶሻ ደበደበው። ሌላው መንቀያውን (ክንዱን ስቦ የሚያወጣውን መሣሪያ) በግድ አጥብቆ መንቀያው የሚገባበትን የክንዱን ጥርስ ግማሹን በላው። ሦስተኛው ሳያጎነብስ «ሙሉውን ቀይሩት» ብሎ ዋጋ ጠራ። ስም አንጠራም፤ ግን ያንገበግባል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ በሙሉ የአንዲት ራንዴላ (ከብሎን ራስ ሥር የምትገባ ቀለበት) ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ መፍቻ አላነሱም። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈው ክንዱ ቀዳዳ ውስጥ በስልክ መብራት አዩ። የጠቆረውን ግሪስ በጨርቅ ጠረጉ፤ ከዚያ በወስፌ ጫፍ ጠርዙን ፈልፍለው ቀጭን ራንዴላ አወጡና መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩን። ክንዱን የያዘውን ብሎን የፈታው ሰው ራንዴላውን እዚያው ትቶታል። መንቀያው የሚሠራው ክንዱን በጥርሱ ይዞ፣ መሃል ባለው ዘንግ አክስሉን (ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘውን ብረት) እየገፋ ነው። ራንዴላው ካልወጣ ግን ዘንጉ የሚገፋው ራንዴላውን፣ ራንዴላው ደግሞ ክንዱን ነው። ክንዱን በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ መሳብና ወደ ውስጥ መግፋት ማለት ነው። ዓመት ቢጠበቅም አይወጣም፤ ጥርሱ ግን ያልቃል፤ ክንዱ አሉሚኒየም፣ መንቀያው ብረት ነውና።

ጥርሱ ስለተበላ ጋሼ በዚያው መንቀያ አልታገሉም። ከመኪና ጋራዥ ሁለት እግር ያለውን የኩሺኔታ መንቀያ አስመጡ። ብሎኑን ያለ ራንዴላ እስከ መጨረሻው አስገብተው 3 ዙር መለሱት፤ ጥርሱ በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት አገኙ። የመንቀያው ጫፍ ብሎኑ ራስ ላይ ያርፋል፣ የአክስሉ ጥርስ አይጎዳም፤ ክንዱም ሲለቅ ተወርውሮ እግር አይመታም። መንቀያውን ወጠሩትና አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ክንዱ ላይ አፈሰሱ። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ይበልጥ ይሰፋል። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ግማሽ ዙር እንደጨመሩ «ቋ!» አለና ለቀቀ። አንድም መዶሻ አልነካውም።

ከሁሉ በላይ የነካን ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ለሌላ ጊዜ ገንዘባችሁን አታውጡ፣ ቤታችሁ ሥሩት ብለው ቁጭ አድርገው አሳዩን። የትኛው ጠጋኝ ነው ደንበኛው ተመልሶ እንዳይመጣ የሚያስተምር? እኛም ያሳዩንን እናካፍላችሁ።

አክስሉ አራት ማዕዘን ከሆነ ብሎኑ አብዛኛውን ጊዜ በ14 ቁጥር ቡሶላ (የብሎኑን ራስ ከላይ ሸፍኖ የሚይዝ መፍቻ) ወይም በ8 ቁጥር ብሩጎላ (ብሎኑ ራስ ውስጥ የሚገባ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ) ይፈታል። በግራም በቀኝም ሁለቱም እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ነው የሚፈቱት። ተገላቢጦሽ የሆነው የግራ ፔዳል ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አምታቶ ብሎን ይቆርጣል። ራንዴላውን አውጡ። መንቀያው 22 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ነው፤ መሃሉን ዘንግ ወደኋላ መልሳችሁ አካሉን በእጅ እስከ መጨረሻው አስገቡት። ሦስት አራት ጥርስ ብቻ ይዞ ከተወጠረ መላጡ አይቀርም። መንቀያ ከሌላችሁ የጋራዡ ባለ ሁለት እግር ይበቃል፤ በቀኝ በኩል እግሮቹን ማርሹን በተሸከሙት ክንዶች ጀርባ አስገቡ እንጂ ማርሹን ራሱን አታስይዙ፣ ይጣመማል። ብሎኑን ፈትቶ እየነዱ ማስለቀቅ የሚባለውንስ? ይለቃል፤ ግን የክንዱን አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያሞልጠዋል። ለሚጣል ክንድ ካልሆነ አታድርጉት።

የድሮዎቹ ባለ ሽብልቅ ፒን (በጎን ገብቶ ክንዱን አክስሉ ላይ የሚቆልፍ ፒን) የሆኑት ሌላ ዘዴ ይፈልጋሉ። ማታ ላምባ ወይም ናፍጣ አጠጡት፣ ይደር። ጠዋት ዳዶውን ከፒኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ መልሱት፤ ጨርሳችሁ አታውጡት፣ የፒኑን ጥርስ የሚጠብቀው እሱ ነው። ከዚያ የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ከወለሉ እስከ ክንዱ ድረስ ለክታችሁ ቁረጡና ከሥር አቁሙት፤ የፒኑ ራስ ቧንቧው ቀዳዳ ውስጥ ይግባ። ያለ ቧንቧው ምቱን የሚቀበሉት የአክስሉ ኩሺኔታዎች ናቸው፤ ይቦረቦራሉ። አንድ ኪሎ መዶሻ፣ ዳዶው ባለበት ጫፍ ላይ አንድ ጠንካራ ምት። በትንሹ ደጋግሞ መቀጥቀጥ የፒኑን ጫፍ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ መሰርሰር ብቻ ነው የሚቀረው። ስትመልሱ ሁለቱ ፒኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይግቡ፤ አለዚያ ክንዶቹ ቀጥ ብለው አይገጥሙም። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ዳዶውን እንደገና አጥብቁ፤ ፒኑ ገብቶ ስለሚቀመጥ ይላላል።

የአራት ማዕዘኑን ብሎን ስትመልሱም አትሳሱ። 20 ሳንቲ ሜትር እጀታ ያለው ቁልፍ ከሆነ ጫፉን በ20 ኪሎ ያህል ጉልበት ሳቡት። እየነዳችሁ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ቂጭ ካለ ወዲያው ውረዱና አጥብቁ። በላላ ክንድ ወደ አንኮበር ወይም ወደ ጣርማ በር መውጣት ቀዳዳውን ያበላሻል፤ እዚያ ዳገት ላይ በሙሉ ክብደት ነው የሚረገጠው።

ይህን ሁሉ ቤታችሁ ሞክራችሁ ክራንኩ አልወጣ ካለ ግን ሌላ ቦታ አትንከራተቱ፣ አታስደብድቡት። ቀጥታ ጠባሴ ጋሼ ዘንድ ውሰዱት። እውነት እንላችኋለን፣ ሥራቸው ጥንቁቅ፣ ዋጋቸው ሰው የማይጎዳ፣ አንደበታቸው ጣፋጭ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስትሄዱ ጭቃውን አጥባችሁ፣ የፈታችሁትን ብሎንና ራንዴላ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።