የባንዱ ስም በትልቁ፣ «ትሪቢዩት» በደቃቁ ከተጻፈ አትግዙ

የሄቪ ሜታል ወዳጆች፣ የሜታሊካ ወይም የአይረን ሜይደን ስም ሽፋኑን ሞልቶት ከሥሩ «ትሪቢዩት» (ሌሎች ለክብሩ ሲሉ የባንዱን ዘፈኖች የተጫወቱበት አልበም ማለት ነው) የሚል ቃል በደቃቅ ፊደል የተጻፈበት ሲዲ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ከውስጡ ባንዱን አታገኙትም። ለባንዱ ፍቅር ብለው የተሰበሰቡ ሙዚቀኞችንም ማግኘታችሁ አጠራጣሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት ተከፍሏቸው ስቱዲዮ ገብተው የታዘዙትን ተጫውተው የወጡ ሰዎችን ነው።

እንዲህ ያለውን ንግድ ያቀለለው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ነው። አንድ ዘፈን በባለቤቱ ፈቃድ ተቀርጾ አንዴ ከተሰራጨ፣ ሌላው ሰው ሕጉ የተመነውን ክፍያ እስከከፈለ ድረስ እንደገና ተጫውቶ ሊሸጠው ይችላል፤ ደራሲውን ማስፈቀድ አይጠበቅበትም። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2022 ከአምስት ደቂቃ ለማይበልጥ ዘፈን በአንድ ቅጂ 9.1 ሳንቲም ነበር። አሥር አጫጭር ዘፈኖች ቢኖሩበት አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ የባንዱ ስም መኖሩ ባንዱ አልበሙን ወዶታል ማለት አይደለም፤ መኖሩን ላያውቅም ይችላል።

በታዋቂ ስሞች የሚነግዱትም ከዚህ ብዙ አይሻሉም። ድምፃዊው ከአንዱ ባንድ፣ ጊታሪስቱ ከሌላው፣ ከበሮ መቺው ከሦስተኛው ይመጣል፤ ሁሉም ድርሻውን በየፊናው ከቀረጸ ኖታው ሳይዛነፍ ሙዚቃው በድን ይሆናል። ይባስ ብሎ ያው ቅጂ ርዕስና ሽፋን ቀይሮ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል። የዘፈኖቹን ዝርዝር ብቻ አትመልከቱ፤ ማን እንደተጫወተው በስም ካልተጻፈ ተዉት።

ሁሉም ከንቱ ነው ግን አልልም። በ1994 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለብላክ ሳባት ባንድ የተሠራው «ናቲቪቲ ኢን ብላክ» ገንዘብ ይገባዋል። ታይፕ ኦ ኔጋቲቭ የተባለው ባንድ የብላክ ሳባትን ስም የያዘውን ዘፈን የራሱ አድርጎታል፤ የጁዳስ ፕሪስት ድምፃዊ ሮብ ሃልፎርድም ከሳባት ባሲስት ጊዘር በትለርና ከከበሮ መቺው ቢል ዋርድ ጋር ይሰማል። ፊንላንዳውያኑ አፖካሊፕቲካዎች በ1996 የሜታሊካን ዘፈኖች በአራት ቼሎ (በቀስት በሚመታ ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ) ሲጫወቱ ማንንም ለመምሰል አልሞከሩም፤ ያዋጣቸውም እሱ ነው። በ2014 ለሄቪ ሜታል ድምፃዊው ሮኒ ጄምስ ዲዮ የወጣው አልበም ደግሞ ገቢው ዲዮን ለገደለው ለካንሰር ሕመም መከላከያ የሚውል ነበር፤ ቴኔሽየስ ዲ የተባለው ባንድ በዚያው ላይ በተጫወተው ዘፈን ግራሚ አግኝቷል።

ሌሎች ሙዚቀኞች የሜታሊካን ዘፈኖች የተጫወቱበት የ2021ዱ «ዘ ሜታሊካ ብላክሊስት» ያከራክራል። ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ስለሚሄድ በዚያ በኩል ነቀፋ የለኝም። ነገር ግን በ12 ዘፈኖች ላይ 53 ቅጂ ተደርድሮበታል፤ «ናቲንግ ኤልስ ማተርስ» ብቻውን 12 ጊዜ ይመጣል! ከፒያኖ ተጫዋቹ ከኢጎር ሌቪት እስከ ማይሊ ሳይረስ ድረስ ያንኑ ዜማ በተከታታይ የሚችል ጆሮ ያለው ይግዛው። እኔ ብሆን የሚጥሙኝን ለይቼ በነጠላ እገዛለሁ።

ሜታሊካ ራሱ በ1987 የሌሎችን ዘፈኖች ተጫውቶ ሲያሳትም ነጋዴ ዋጋ እንዳይቆልል 5.98 ዶላር የሚለውን ተመን የርዕሱ አካል አድርጎት ነበር።